ረጅም የእግር ጉዞ ደሴ ላይ ሲያበቃ፦ የት ማረፍ፣ በምን ወደ ቤት መመለስ?

ከላሊበላ ተነስቶ የመቄትን ደጋ ያቋረጠ፣ ከቦረና ሳይንት ተራሮች የመጣ ወይም ግሸን ማርያምን ተሳልሞ በእግሩ የወረደ ተጓዥ ብዙውን ጊዜ መንገዱን የሚጨርሰው ደሴ ነው። ባንኩ፣ ሐኪሙ፣ የአዲስ አበባው መኪና ሁሉም እዚህ ይገኛል። ሳምንታት ሙሉ "ዛሬ የት እናድራለን?" ሲል የከረመ ሰው እዚህ ሲደርስ ሌላ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ እንዴት ልመለስ?

መካሪ አይጠፋም። መናኸሪያ በር ላይ የቆመው "አዲስ አበባ! አንድ ሰው የቀረው!" ይላል። ጓደኛ በስልክ "ምን አደከመህ፣ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ና" ይላል። የአልጋ ቤቷ ባለቤት ደግሞ "አብሽር ልጄ፣ አንድ ሁለት ቀን አረፍ ብለህ ትሄዳለህ" ትላለች። ሦስቱም ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ፤ ለማን እና መቼ የሚለው ግን መለየት አለበት።

ደሴ ነዋሪ ነኝ፤ ረጅም መንገድ በእግራቸው የመጡ ወዳጆችን ስቀበልና ስሸኝ ቆይቻለሁ። ከዚያ የያዝኩት አቋም ይህ ነው፦ ከመኪናው ምርጫ የማረፊያው ምርጫ ይቀድማል። ከተራራ በወረዱ ማግስት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ያበጠ እግር ይዞ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መዋል ሰውነትን ይጎዳል፤ ያን የመሰለ ጉዞም በምሬት እንዲያልቅ ያደርጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የት ማረፍ እንደሚሻል፣ ቀጥሎ በምን መመለስ እንደሚሻል እናያለን።

## መመዘኛዎቹ ይቅደሙ

ሰውነት። ሲራመድ የከረመ እግር ድንገት ታጥፎ ሲቀመጥ ያብጣል። ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋም ሊያደርግ ይችላል። ከዚህ በፊት ደም የረጋበት፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ተጓዥ ይህን በቀላሉ ማየት የለባቸውም። እንግዲህ ማንኛውንም አማራጭ ስትመዝኑ "ስንት ሰዓት እቀመጣለሁ? መንገድ ላይስ ስንት ጊዜ ወርጄ እግሬን እዘረጋለሁ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚሁ ጋር የመንገዱ ከፍታና ዝቅታ አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ይወርዳሉ። ከዚያ መንገዱ በደብረ ሲና አድርጎ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። በአንድ ቀን ይህን ሁሉ መውረድና መውጣት ጆሮ ይደፍናል፤ ጠመዝማዛው ደግሞ ሆድ ይረብሻል። መኪና የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ይህ ነጥብ ከዋጋው በላይ ይመዝናል።

ዕቃ። ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ ዱላ፣ ምድጃ፣ ከገበያ የተገዛ ማር፦ የእግረኛ ቦርሳ ከተራ መንገደኛ ሻንጣ የተለየ ነው። የትኛው መጓጓዣ ምን ይቀበላል፣ የት ላይስ ይጭነዋል የሚለው ምርጫውን ሊወስን ይችላል።

ጊዜ። የበረራው ወይም የመኪናው ሰዓት ብቻ አይበቃም። ከአልጋችሁ ተነስታችሁ የቤታችሁ በር እስክትደርሱ ያለውን ቁጠሩ።

ገንዘብ። ታሪፍ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ስለሚቀየር ዋጋ በብር አላስቀመጥኩም፤ ከርካሹ ወደ ውዱ ያለውን ቅደም ተከተል ግን ታገኛላችሁ። ቅደም ተከተሉ ከታሪፉ ይልቅ ይጸናል።

የመንገዱ ሰላም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ያለው ግጭት የጉዞ ልማዳችንን ቀይሮታል። አንዳንድ ቀን መንገድ ይዘጋል፣ ኬላ ይበዛል፣ ሰዓቱ ይዛባል። ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያው ቀን ከሸዋ የገቡ ሹፌሮችን ጠይቁ፤ በስልክ ከሚዞር ወሬ የእነሱ ቃል ይበልጣል። በሌሊት የሚጓዝ መኪና ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አትሳፈሩ። መታወቂያ በኪስ ይሁን። ቦርሳችሁም በቀላሉ ተከፍቶ የሚዘጋ ይሁን፤ ኬላ ላይ ይፈተሻልና።

ቤት የሚጠብቃችሁ ነገር። በማግስቱ ሥራ የሚገባና ሳምንት ሙሉ ፋታ ያለው ሰው ምርጫቸው አንድ ሊሆን አይችልም።

## የት ማረፍ፦ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይስ ሐይቅ?

ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም የአየር ጠባያቸው ፍጹም የተለያየ ነው። ከደሴ ወጥቶ የሐረጎን ቁልቁለት የጨረሰ ሰው ጃኬቱን አውልቆ ነው ኮምቦልቻ የሚገባው። ለተራ መንገደኛ ይህ ብዙም ትርጉም የለው ይሆናል፤ ከረጅም የእግር ጉዞ ለሚመለስ ግን አለው።

ደሴ የሚሻለው ሰውነታችሁ ጥገና ሲፈልግ ነው። ሪፈራል ሆስፒታሉም የግል ክሊኒኮቹም እዚህ ናቸው። ጥፍሩ የጠቆረ፣ ውሃ የቋጠረው እግሩ መመርቀዝ የጀመረ፣ ሆዱ ሳምንት ሙሉ አልረጋ ያለ ሰው አዲስ አበባ እስኪገባ መጠበቅ የለበትም፤ እዚሁ ይታይ። ጫማ ሰፊውም እዚህ ነው። የጫማችሁ ሶል ከተላቀቀ ፒያሳ አካባቢ ወይም ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር ወርዳችሁ አስሰፉት፤ አዲስ አበባ ገብቶ "ቆይ አሠራዋለሁ" የተባለ ጫማ ዓመት ይቀመጣል።

የደሴ ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛው ብርዱ። በክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይውላል፤ የታጠበ ካልሲ በሁለት ቀንም ላይደርቅ ይችላል፣ እርጥብ ድንኳን ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ሁለተኛው የከተማዋ አቀማመጥ ነው፤ ደሴ ውስጥ ቁልቁለትና ዳገት የሌለበት ሰፈር አይገኝም። ጉልበቱን ያመመው ሰው ምሳ ለመብላት እንኳ ዳገት መውጣት ወይም ባጃጅ መጥራት አለበት።

ስለ አልጋ ቤት አንድ ነገር ልጨምር፦ ክፍሉን ከመያዛችሁ በፊት ቧንቧውን ከፍታችሁ ሙቅ ውሃ መኖሩን በእጃችሁ አረጋግጡ። "አለ" የሚል መልስ አይበቃም። ሙቅ ውሃ ባይኖር እንኳ ጠይቁ፤ ወሎ ውስጥ እግሩ የቆሰለ እንግዳን ዝም ብሎ የሚያይ ቤት ብዙም አላውቅም። በሳፋ ለብ ያለ ውሃ ይመጣል፣ ጨው ይጨመርበታል፣ እናንተ በዝግታ ፕላስተሩን ስትልጡ ባለቤቷ አጠገባችሁ በርጩማ ስባ ቡናውን ታፈላለች። በረካ ሳይጠጣ ተነሱ የሚላችሁ የለም። ይህን የመሰለ አንድ ከሰዓት በኋላ ለጉልበትም ለመንፈስም ከማንኛውም ቅባት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ኮምቦልቻ የሚሻለው ሰውነታችሁ ደህና ሆኖ ዕቃችሁ እርጥብ ሲሆን ነው። ፀሐዩ ጠንካራ ስለሆነ ድንኳንና የመኝታ ከረጢት በአንድ ቀን ይደርቃሉ። የከተማዋ መሃል ሜዳ ነው፣ ለታመመ ጉልበት ይመቻል። አውሮፕላን ማረፊያው እዚሁ ስለሆነ በረራ የያዘ ሰው ማለዳ ሐረጎን መውረድ አይጠበቅበትም። በአውቶቡስ የሚሄድም ቢሆን ከደሴ የሚነሳውን መኪና ኮምቦልቻ ላይ ሊጠብቅ ይችላል፤ ብቻ ወንበር አስቀድሞ ያስይዝ፣ ሞልቶ የሚመጣበት ቀን ይበዛልና።

ኮምቦልቻ ስታድሩ ግን ወባን አስቡ። ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ደግሞ በአገራችን ወባ የሚበረታበት ነው። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፣ ሲመሽ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ። ደጋ ለደጋ ሲሄድ የከረመ ተጓዥ ስለ ትንኝ ማሰብ ይረሳል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው።

ሦስተኛው ሐይቅ የሚባለው ከተማ ነው፤ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጊዜ ላለውና ጫጫታ ውስጥ ድንገት መግባት ለከበደው ሰው ከሁለቱም ከተሞች የተሻለ ነው። ውሃ ዳር ቁጭ ብሎ ዓሣ መብላት፣ ወንዶች ደግሞ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም መሳለም ይችላሉ፤ ገዳሙ ሴት አያስገባም። ችግሩ መንገዱ ወደ ኋላ መሆኑ ነው፤ ከወልድያ በኩል ለሚመጣ ግን ከደሴ በፊት ስለሚገኝ እዚያው ማረፍ ይቻላል።

## በምን መመለስ?

ትልቁ አውቶቡስ። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገዱ ሰላም ከሆነና ኬላ ካልበዛ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይወስዳል። ማለዳ ነው የሚነሳው፤ ቲኬት በዋዜማው መቁረጥ ያስፈልጋል።

ለረጅም እግርና ለትልቅ ቦርሳ ከሕዝብ መኪናዎች ሁሉ የተሻለው ይህ ነው ባይ ነኝ። ዘመናዊዎቹ አውቶቡሶች ዕቃ የሚጭኑት ከታች ባለው ክፍል ስለሆነ ዝናብም ፀሐይም አያገኘውም። ቦርሳችሁን ስታስረክቡ ምልክት ወይም ቁራጭ ወረቀት ተቀበሉ፤ ካልሰጧችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የመተላለፊያውን ዳር ወንበር ጠይቁ፤ እግር መዘርጋትና ተነስቶ መቆም ይቻላል። ከኋላ ጎማ በላይ ያለው ወንበር ግን ለጀርባ አይመከርም። መካከለኛው ክፍል ለማቅለሽለሽም ለንዝረትም ይሻላል።

አውቶቡስ ለቁርስና ለምሳ ይቆማል። በቆመ ቁጥር ውረዱ። ቁጭ ብላችሁ ከመብላታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ተራመዱ፤ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ እየገዛችሁም ቢሆን። ወንበር ላይ ሳላችሁ በየግማሽ ሰዓቱ ቁርጭምጭሚታችሁን አዙሩ፣ ጣታችሁን ወደ ላይ ወደ ታች አድርጉ። ውሃ ጠጡ። መጸዳጃ ፍራቻ ውሃ አለመጠጣት በዚህ መንገድ ላይ የተለመደ ነው፤ ለእግር ግን ጎጂ ነው።

ሚኒባስ። አባዱላ የምንለው። ፈጣንነቱ ነው የሚወደድለት፤ ከአውቶቡስ አንድ ሁለት ሰዓት ሊቀድም ይችላል። ከሞላ በኋላ ስለሚነሳ የአውቶቡስ ቲኬት ያለቀበት ሰው መጠጊያው ይኸው ነው።

ለእግረኛ ግን አልመክረውም፤ ምክንያቱ ቦርሳው ነው። ቦርሳ የሚሄደው ጣሪያ ላይ ነው። ረዳቱ ከእጃችሁ ተቀብሎ ይወረውረዋል፣ ከላይ ያለው ልጅ ከእህል ከረጢትና ከጄሪካን መሃል ይሰገስገዋል፣ ሲባጎው በቦርሳችሁ ማንገቻ ውስጥ ያልፍና በጉልበት ይጠበቃል። ማንገቻው የቦርሳው ነፍስ ነው፤ ሳምንታት በትከሻ የቻለው ስፌት በአንድ ቀን ገመድ ሲበጠስ አይቻለሁ። ሚኒባስ ከያዛችሁ ማንገቻዎቹን ወደ ውስጥ አጥፉ፣ ቦርሳውን በትልቅ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አስገብታችሁ አፉን እሰሩት። ማዳበሪያው ሰኞ ገበያ ላይ በጥቂት ብር ይገኛል። ዝናብና አቧራም ይከላከላል።

የተረፈ የጋዝ ቆርቆሮ ቦርሳ ውስጥ ትታችሁ ጣሪያ ላይ አታስጭኑ፤ እነዚህ ቆርቆሮዎች ከ50 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቁ ተጽፎባቸዋል፣ የከሚሴና የሸዋ ሮቢት የቀትር ፀሐይ ደግሞ ቀላል አይደለም። ወንበር ከተቻለ ጋቢና፣ ካልተቻለ የበሩ አጠገብ ያለው። የመጨረሻው ረድፍ ጉልበት ለተጎዳ ሰው አይሆንም።

አውሮፕላን ከኮምቦልቻ። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከደሴ ለሚነሳ ሐረጎን መውረጃው፣ ቀድሞ መድረሱ፣ ፍተሻውና አዲስ አበባ ሻንጣ መጠበቁ ሲደመር ግማሽ ቀን ቁጠሩ። እንዲያም ሆኖ ከመኪናው በግማሽ ያንሳል። ዋጋው ግን የአውቶቡሱን ብዙ እጥፍ ነው። የመንገዱ ሰላም ሲያሳስብ ወይም እግር በእርግጥ ሲጎዳ ገንዘቡ የሚቆጭ አይመስለኝም።

እግረኛን ሰው አውሮፕላን የሚያስቸግረው በዕቃው ላይ ነው፤ ስለዚህ ይህን በዝርዝር ልበል።

የካምፕ ጋዝ ቆርቆሮ፣ ሙሉም ሆነ ጅምር፣ በእጅም በጭነትም አይፈቀድም። ጅምሩን ለመንገድ መሪያችሁ ወይም ሊወጣ ላሰበ ተጓዥ ስጡት። በነጭ ጋዝ ወይም በቤንዚን የሚሠራ ምድጃ ካላችሁ ታንኩ ባዶ ሆኖ፣ ታጥቦ፣ ሽታው ሁሉ ጠፍቶ ካልሆነ ፍተሻ ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው አንድ ቀን ቀድሞ ኮምቦልቻ መግባት የምመክረው፤ ምድጃው ክፍት ሆኖ ፀሐይ ላይ ይዋል። ክብሪት ጭነት ውስጥ አይገባም።

ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ጭነት ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። ያለ አየር መንገድ ፈቃድ የሚያዘው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት (mAh) የተጻፈበት የተለመደው ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ያልፋል፤ ከ27,000 በላይ ያለው ነው የሚያከራክረው። የግንባር መብራት ትርፍ ሊቲየም ባትሪም እንዲሁ ከእጅ ሻንጣ ጋር ነው። ቢላዋና የመራመጃ ዱላ በተቃራኒው ጭነት ውስጥ ይግቡ። ማርና ቅቤ በደንብ ታሽገው፣ ተጨማሪ ፌስታል ለብሰው፣ በልብስ መሃል ይጫኑ። ቲኬታችሁ ላይ የተፈቀደውን ክብደት አንብቡና ቦርሳውን በዋዜማው አስመዝኑ፤ እህል መዛኝ ያለበት ሱቅ ሁሉ ይመዝንላችኋል።

በክረምት በጉምና በደመና ምክንያት በረራ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ በአውሮፕላን እመለሳለሁ ብሎ የሥራ መግቢያ ቀኑን ከበረራው ማግስት ማድረግ ጥሩ አይደለም።

ደብረ ብርሃን አድሮ መግባት። ይህን አማራጭ ሰው ብዙም አያስበውም፤ እኔ ግን ጊዜ ላለው ሰው ከሁሉ አስቀድመዋለሁ። ከደሴ ደብረ ብርሃን 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ከባዱ ክፍል፣ ማለትም የሐረጎ ቁልቁለት፣ የቆላው ሙቀትና የጣርማበር አቀበት፣ በመጀመሪያው ቀን ያልቃል። ጣልያኖች በወረራው ዘመን የቆፈሩትን ዋሻ አልፋችሁ ደጋው ላይ ስትወጡ ሰውነታችሁ የለመደውን ብርድ ያገኛል። በማግስቱ ያለው መንገድ ሜዳማ ነው፤ ከቁርስ በኋላ ተነስታችሁ ለምሳ አዲስ አበባ ትገባላችሁ።

ጥቅሙ የሰዓት ብቻ አይደለም። በጨለማ፣ ደክሞ፣ ትልቅ ቦርሳ ተሸክሞ አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ላይ ታክሲ መሻማት ይቀራል። በቀትር፣ ልብስ ቀይራችሁ፣ እንቅልፍ ጠግባችሁ ትገባላችሁ። ወጪው ሁለት የመኪና ሒሳብና አንድ አልጋ ነው፤ ከአውሮፕላኑ በእጅጉ ያንሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ውርጭ ስለሚወርድባት የመኝታ ከረጢታችሁን ከቦርሳው ግርጌ አታስገቡት።

ኮንትራት መኪና። አራት አምስት ሆናችሁ ከተመለሳችሁ ያዋጣል። የፈለጋችሁበት ቦታ ይቆማል፣ ዕቃው ከእናንተ ጋር ነው። ሹፌሩ መስመሩን የሚያውቅ ይሁን፣ ዋጋው የነዳጅና የሹፌር አበልን መጨመሩን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ተሳፋሪ ስለማይጭን አልመዘንኩትም። በባቲና በሚሌ አድርጎ በአፋር የሚዞረው መንገድም አለ፤ በጣም ይረዝማል፣ ሙቀቱም ከባድ ነው፤ የሸዋው መስመር ሲዘጋ ካልሆነ አይመረጥም።

## በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| አማራጭ | ከበር እስከ በር | ወጪ (1 ርካሽ፣ 5 ውድ) | ለሰውነት | ለዕቃ |
|---|---|---|---|---|
| ትልቁ አውቶቡስ | ሙሉ ቀን | 1 | መካከለኛ፤ እግር ይዘረጋል | ጥሩ |
| ሚኒባስ | ከሙሉ ቀን ትንሽ ያነሰ | 2 | ከባድ | ደካማ፤ ጣሪያ ላይ ነው |
| ደብረ ብርሃን አድሮ | አንድ ቀን ተኩል | 3 | በጣም ጥሩ | እንደ መኪናው |
| ኮንትራት (በጋራ) | ሙሉ ቀን | 4 | ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| አውሮፕላን | ግማሽ ቀን | 5 | በጣም ጥሩ | ጥሩ፤ ጋዝና ነዳጅ ክልክል |

## እንደ ሁኔታችሁ

ኪሱ ለሳሳ ተማሪ፦ ደሴ አንድ ሌሊት፣ ከዚያ ትልቁ አውቶቡስ። ያንን አንድ ሌሊት አታስቀሩ። አልጋውን በማስቀረት የሚተርፈው ገንዘብ አዲስ አበባ ገብታችሁ ለመድኃኒት ከምታወጡት ያንሳል።

ሰኞ ሥራ የሚገባ፦ ከቅዳሜ በፊት ደሴ ለመድረስ ጉዞውን ከላይ አሳጥሩት። የመጨረሻዋን መንደር ለመጨመር ሲባል እሁድ ማታ አዲስ አበባ መግባት አይገባም። አቅም ካለ ቅዳሜ በአውሮፕላን፣ ከሌለ ቅዳሜ በአውቶቡስ ሂዱ፤ እሁድ የቤት ቀን ይሁን።

እግሩ ወይም ጉልበቱ የተጎዳ፦ ደሴ ሐኪም ዘንድ፣ ከዚያ ሁለት ቀን እረፍት፣ ከዚያ አውሮፕላን። ገንዘቡ ካልበቃ ደብረ ብርሃን አድሮ መግባት።

በክረምት ዕቃው ርሶ የወረደ፦ ደሴ ላይ ሳትቆዩ ኮምቦልቻ ውረዱ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ተሳፈሩ።

ልጅ ወይም በዕድሜ የገፉ ወላጅ ይዞ የተጓዘ፦ ኮንትራት ወይም አውሮፕላን፤ ሚኒባስ ፈጽሞ አይሁን።

ማቆም የከበደው፣ ከጉዞው በቀላሉ መለየት ያልቻለ፦ ይህ ስሜት እውነተኛ ነው፤ ቀስ ብሎ የመመለስ መብት አላችሁ። እሁድ ኮምቦልቻ ገብታችሁ ከሆነ ሰኞ ባቲ ሂዱ፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደጋውና ከአፋር ቆላ የሚመጣው ሰው የሚገናኝበት የሰኞ ገበያ በአገሪቱ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው። ያለ ቦርሳ፣ በነጠላ ጫማ፣ ሰው መሃል መዋል ከብቸኝነት መንገድ ወደ ከተማ የሚያሸጋግር ጥሩ ቀን ነው። ደሴ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ሳታዩ አትውጡ።

ቀኖቹንም ተጠንቀቁ። ከመስከረም 21 የግሸን ማርያም ክብረ በዓል በኋላና ከገና የላሊበላ ንግሥ በኋላ ባሉት ቀናት ከደሴ ወንበር ማግኘት ይከብዳል። በእነዚህ ሰሞን ጉዞ የምትጨርሱ ከሆነ ወንበራችሁን ገና ተራራ ላይ ሳላችሁ በወዳጅ አስይዙ፤ ካልሆነ ሦስት አራት ቀን ሐይቅ ቆይታችሁ ሕዝቡ ይለፍ።

## ቤት ከገባችሁ በኋላ

የመረጣችሁት መንገድ የትኛውም ይሁን፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጉዞው ክፍል ናቸው።

ቦርሳውን መኝታ ቤት አታስገቡት። በረንዳ ላይ ባዶ አድርጉት፤ ከየአልጋ ቤቱ ትኋንና ቁንጫ ተከትሎ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ልብሱን በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ ቦርሳውን ፀሐይ ላይ አውሉ። ድንኳን እርጥበት እያለው ከታጠፈ ይሻግታል፤ የውስጥ ሽፋኑም ይላቀቃል። የመኝታ ከረጢት ደግሞ ተጨምቆ ሳይሆን ተዘርግቶ ወይም በሰፊ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

መራመድ በአንድ ጊዜ አታቁሙ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተራመዱ። የምግብ ፍላጎት ከእንቅስቃሴው በኋላም ለሳምንታት ይቆያል፤ ቀስ በቀስ ነው የሚቀንሰው። ድብርት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በከተማው ጫጫታ መበሳጨት ቢመጣባችሁ አትደንግጡ፤ አብሯችሁ ለተጓዘ ሰው ደውሉ። ሳምንታት ካለፉና ካልለቀቃችሁ ግን ባለሙያ አነጋግሩ።

ሦስት ምልክት ካያችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የአንድ እግር ባት ብቻ አብጦ ካመመ፣ በተለይ ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከሆነ፣ በዚያው ቀን። ትኩሳት ከመጣ፣ ጉዞው ካለቀ ሁለትና ሦስት ወር ቢሆነውም፣ የወባ ምርመራ ጠይቁ፤ በቆላ ማለፋችሁን ወይም ኮምቦልቻ ማደራችሁን ሳትጠየቁ ተናገሩ። ሆድ ተነፍቶ፣ ግሳት እየሸተተ፣ ተቅማጡ ከሳምንት ካለፈ ሰገራ አስመርምሩ፤ ጃርዲያ የተባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ የተበከለው ውሃ ከተጠጣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው የሚታየው፣ በትክክለኛው መድኃኒትም ይድናል። የታመማችሁት ከደሴ ሳትወጡ ከሆነ አዲስ አበባ እስክትገቡ አትጠብቁ፤ ቲኬቱን ወደ ሌላ ቀን አስቀይሩና እዚሁ ታከሙ።